ሳብሪና የሳቀችባቸው ወደቦች

ባሕር ያየሁት በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እሱንም ያየሁት በቅናት ዓይን ስለነበረ አይቻለሁ ለማለት አፌን ይይዘኛል። በሸራ ጀልባ የታጁራን ባሕረ ሰላጤ ስድስት ቀን ስንዞር፣ ሌላው ሰው ዓሣውንና ደሴቱን ሲያይ እኔ የማየው የሳብሪናን ፊት ነበር። ዛሬ የውሃው ቀለም ምን ይመስል ነበር ብትሉኝ ይምታታብኛል። ሳብሪና በየወደቡ ምን እንደተሰጣት ግን አልረሳሁም። ሙሻ ላይ ዛጎል፣ አርታ ላይ የተጠበሰ ዓሣ፣ ታጁራ ላይ ከረሜላ።

የዛሬ ሃያ ዓመት ነው፤ ሁለታችንም አሥር ዓመታችን ነበር። ሳብሪና የአባቴ እህት የሶፊያ ልጅ ናት። በእኛ በጭሮ የአባት እህት አዳዳ፣ የእናት ወንድም ደግሞ ኤሱማ ይባላል፤ ስለዚህ እናቷን እኔ አዳዳ ሶፊያ እላታለሁ፣ አባቴን እሷ ኤሱማ ትለዋለች። አዳዳ ሶፊያ ባሏ ከሞተባት በኋላ ሳዑዲ ሄጄ እሠራለሁ ብላ ተነሣች፤ ልጇንም እኛ ቤት አስቀምጣ ሄደች። ጅዳ ገብታለች፣ ደኅና ናት ተባለ። ሳብሪና በመጣች ቀን አልጋዬ ለሁለት ተከፈለ። ማበጠሪያዬ የጋራ ሆነ። ዒድ ሲደርስ እናቴ መጀመሪያ የምትገዛው የሷን ቀሚስ ሆነ፤ «እናቷ አጠገቧ የለችማ» ትላለች። ይህን ሁሉ ችዬዋለሁ። ያልቻልኩት የአባቴን ነው።

አባቴ አብዱልቃዲር የሽንኩርትና የድንች ነጋዴ ነበር። ገበያ ውስጥ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል፤ ቤት ሲገባ ግን ቃል አይወጣውም። ልጅ ማቀፍ አያውቅበትም። ፍቅሩን የሚገልጽልኝ ጭንቅላቴን በጣቱ ኳ ኳ በማድረግ ነበር፤ በዚያችው ኳ ኳ ነው ያደግሁት፣ ትበቃኝም ነበር። ሳብሪና ከመጣች ሦስት ወር ሲሆናት፣ ረመዳን ካለፈ በኋላ፣ አባቴ እራት ላይ ጉርሻውን በእጁ እንደያዘ ፊቷን ያይ ጀመር። ምን እንደሚያይ ለማወቅ እኔም አብሬው አያታለሁ። ጥርሷ ፍንጭት ነው። ስትስቅ ግራ ጉንጯ ብቻ ይሰረጉዳል፣ ቀኙ እንደነበረ ይቀራል። አገጯ ላይ ጤፍ የምታህል ጥቁር ነጥብ አለች። ያያት ሁሉ «ቁርጥ እናቷን» ይላል። እኔ አባቴን ነው የምመስለው፤ አባቴን መምሰል ደግሞ ለወንድ ልጅ ቢሆን ነበር የሚያምረው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በር ላይ ተቀምጬ ሽንኩርት ስለይ ከውስጥ ሲነጋገሩ ሰማኋቸው።

«ፎቶዋስ?» አለች እናቴ።

«ያለው የትምህርት ቤት ነው። አርባ ልጅ ተደርድሮ፣ የሷ ፊት ምስር አያህልም።»

«ታዲያ ምን ይዘህ ልትሄድ ነው?»

«ልጅቷን እወስዳታለሁ።»

«ብቻዋንማ አትወስዳትም። ኢንሳፍ አብራት ትሂድ፣ ጓደኛ ትሁናት» አለች።

እኔ የገባኝ እንዲህ ነው። ሳብሪና ደኅና ፎቶ የላትም፣ ጅቡቲ ትልልቅ ፎቶ ቤት አለ፣ ስለዚህ አባቴ ቆንጆዋን ልጅ ፎቶ ሊያስነሣት ይወስዳታል። እኔ ደግሞ ለሷ ጓደኛ እንድሆን እጨመራለሁ። ያን ቀን የለየሁት ሽንኩርት ግማሹ ደኅናው ከተበላሸው ጋር ተደባልቆ ተገኘ፤ እናቴም በደንብ አድርጋ ገሠጸችኝ።

ከጭሮ የወጣነው ሽንኩርት በጫነ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ነው። ሂርና ሳንደርስ ጠመዝማዛው ሆዴን ገለበጠው። ፌስታል የያዘችልኝ ሳብሪና ናት። እሷ መንገድ አያማትም፤ በዚያ ሁሉ መታጠፊያ ሙዝ ልጣ ትበላ ነበር። ፌስታሉን ስለያዘችልኝ አመሰገንኳት ማለት ውሸት ነው፤ ሙዟን አይቼ ተናደድሁባት።

ከድሬዳዋ በባቡር ጅቡቲ ገባን። ሽንኩርታችን የተጫነው ሑመድ በሚባል አንድ አፋር ጀልባ ላይ ነበር። ጀልባው ሰንቡክ ነው፤ ረዥም፣ ከእንጨት የተሠራ፣ ሸራው በዱቄት ጆንያ የተጣፈ። ሞተርም ነበረው፣ ግን ከወደብ ለመውጣትና ለመግባት ብቻ ነው የሚነሣው፤ ሌላውን የሚሠራው ነፋሱ ነው። ከስር የዕቃ ጓዳ አለ፤ የእኛ ሽንኩርትና የገለምሶ ቡና እስከ አፉ ሞልተውታል። ሽንት ቤቱ ከኋላ በኩል ከውሃው በላይ የተንጠለጠለ የእንጨት ሳጥን ነው። እዚያ ሳጥን ውስጥ ስቀመጥ ከስሬ ባሕሩን እያየሁ፣ ብወድቅ አባቴ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ሳብሪናስ ደኅና ናት?» ብሎ ይሆናል እያልኩ አስብ ነበር።

ሑመድ አማርኛ የተማረው ድሬዳዋ ነው። አማርኛው ሴትና ወንድ አይለይም፤ ለሁላችንም አንተ ነው የሚለው። ሥራው በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ ላሉት መንደሮችና ከተሞች ዕቃ ማድረስ ነበር፤ ስለዚህ በያለበት ይቆማል። አባቴም ከሌላው ጀልባ ሁሉ የሱን የመረጠው ለዚህ ነው። እኔ ግን ለሽርሽር መሰለኝ።

መጀመሪያ የቆምነው ሙሻ ደሴት ነው። ውሃው ጥልቀት ስላልነበረው አባቴ ሱሪውን ሰብስቦ ወረደ፤ ሳብሪናን ትከሻው ላይ አደረጋት። እጄን ዘረጋሁለት።

«አንቺ ከሑመድ ጋር ቆዪ» አለኝ።

ከጀልባው ጫፍ ሆኜ አየኋቸው። መረብ የሚጠግኑ ሰዎች ነበሩ። አባቴ በዓረብኛ ይሁን በሶማሊኛ አንድ ነገር አላቸው፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ሳብሪናን አናገራት፤ ሳብሪና ሳቀች። አንዱ ሽማግሌ አገጯን ይዞ ፊቷን ወደ ብርሃን አዞረው። ራሱን ነቀነቀ። በእኛ አገር ቆንጆ ልጅ ያየ ሰው ማሻአላህ እያለ ራሱን ይነቀንቃል፤ ስለዚህ ምን እንዳለ መስማት አላስፈለገኝም። ሲመለሱ ሳብሪና ዛጎል ይዛለች።

«ምን አሏችሁ?» አልኳት።

«ምንም።»

«አባዬስ ምን አለሽ?»

«ሳቂ አለኝ» አለች። ዛጎሉን ሰጠችኝ። እኔ የተረፈ ነገር አልፈልግም አልኳትና መለስኩላት።

አርታ ዳርቻ ስንደርስ ከጀልባው ጎን ጀርባው ነጠብጣብ የሆነ፣ ከአይሱዙ የሚረዝም ዓሣ መጣ። ሑመድ አይነክስም፣ ሰው አይበላም አለን። ደፋርነቴን አባቴ ይይልኝ ብዬ እስከ ክርኔ ድረስ እጄን ውሃ ውስጥ ከትቼ ጠበቅሁ። የዓሣው ቆዳ ጣቴን ዳሰሰው። ዞር ብዬ ሳይ አባቴ ጀርባውን ሰጥቶኝ የሳብሪናን ሻሽ እያስተካከለ ነበር፤ ፊቷ በደንብ እንዲታይ ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ከዚያ ወረዱ። ድንኳን ውስጥ የነበሩ ዓሣ አጥማጆች ተነሥተው እሷን ከበቧት፤ እሷም ሳቀች፤ እነሱም ራሳቸውን ነቀነቁ። እጄ ሲደርቅ ጨው ብቻ ቀረብኝ።

ታጁራ ላይ መቼም ጀልባው ውስጥ አልቀርም ብዬ አለቀስኩ። አባቴም እሺ ብሎ አወረደኝ፣ ግን የተራገፈው ሽንኩርት አጠገብ አስቀመጠኝ። ነጫጭ መስጊዶች፣ በዳርቻው የሚርመሰመሱ ፍየሎች፣ ምንጣፍ የሚሸጡ ሴቶች አስታውሳለሁ። ከአንድ ግድግዳ ጥላ ስር ከሲታ ወጣቶች ተቀምጠው ነበር። በኦሮምኛ ነው የሚያወሩት፤ አንዱ ከመሰላ ነኝ ሲል ሰማሁ። የአገር ሰው በማግኘቴ ደስ አለኝ። አባቴ ሳብሪናን ፊታቸው አቆማት።

«ኮልፊ፣ ኢንተላ ኮ» አላት። ሳቂ ልጄ ማለቱ ነው። እኔን በሕይወቱ ሳቂ ብሎኝ አያውቅም።

ሳቀች። ከመካከላቸው አንዲት ልጅ፣ ከእኛ ብዙም የማትበልጥ፣ ፊቷን በሻሿ ሸፍና ማልቀስ ጀመረች። ለምን እንደምታለቅስ ወዲያው ገባኝ። እሷም እንደኔ ቀንታ ነው። በዚያ ሁሉ አገር የሚረዳኝ ሰው በማግኘቴ ልቤ ለሷ ራራ። ከንግግራቸው የያዝኩት ቁርጥራጭ ነው። በረመዳን የወጣው ጀልባ አሉ። የሴቶቹ ስም አልተያዘም አሉ። ኦቦክ ጠይቅ፣ ከዚያ ነው የሚሻገሩት አሉት። አባቴ ለልጆቹ ዳቦ ገዛላቸው። ለሳብሪና ከረሜላ የሰጣት ያ ከመሰላ የመጣው ልጅ ነው፤ ከኪሱ የወጣችው አንዲት ከረሜላ ናት።

ይህን ሁሉ በትክክል የተረዳሁት አሥራ ሰባት ዓመት ሲሆነኝ ነው። እናቴ ወጥ ቤት ውስጥ ድንች እየላጠች፣ ነገሩ ሳይታሰባት ወጣ። አዳዳ ሶፊያ ጅዳ አልገባችም። በረመዳን ከኦቦክ ተነሥቶ ወደ የመን ሲሻገር የተገለበጠ ጀልባ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ድምፅዋ ጠፋ። ሞታለች የሚል ምስክር ካልተገኘ ለቅሶ መቀመጥ አይቻልም፤ በሩቅ ለሞተ ሰው የሚሰገደውን ሶላት ማሰገድም አይቻልም። ፎቶ የለም። ያለው የልጅቷ ፊት ነው። አባቴ በየወደቡ ያን ፊት እየያዘ፣ ይህን ፊት ያላት ሴት አይታችኋል ወይ እያለ ይጠይቅ ነበር። ፍንጭቷና ስርጉዷ የሚታየው ስትስቅ ስለሆነ ሳቂ ይላታል። ሽማግሌው ራሱን የነቀነቀው አላየሁም ሲል ነው። የታጁራዋም ልጅ ያለቀሰችው ቀንታ ሳይሆን፣ እናቷን በገዛ ፊቷ ለምትፈልግ ልጅ አዝና ነው። እናቴ ስትጨርስ እኔ ሌላ ነገር ነበር የማስበው። ከታጁራ ወደ ኦቦክ ስንሄድ የሠራሁትን።

እሱን ልንገራችሁ። ከታጁራ ስንወጣ ነፋሱ ፊት ለፊት ሆነብን። ሸራ ነፋስን ፊት ለፊት አይሄድም፤ ሑመድ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ እየቆረጠ እንደ ጭሮ ዳገት ጠምዝዞ ይወጣው ጀመር። ማዕበሉ ከጎን ይመታናል። ሳብሪና ምሰሶው ሥር፣ ጀርባዋን ሰጥታን ተቀምጣለች። ፊቷ ትንሽ ገርጥቶ ነበር። ሑመድ መሪውን እንደያዘ ከኪሱ ሎሚ አውጥቶ ሰጠኝ።

«ሆድ የሚገለብጥ ዓይን ነው» አለኝ። «ተራራ እይ። ተራራ አይነቃነቅም። ዓይን የጨፈነ ሰው፣ ታች ጓዳ የገባ ሰው፣ አለቀ። ይህን ሎሚ ለሳብሪና ስጠው፤ ይምጠጥ። ተራራውን ይይ።»

አባቴ ከፊት በኩል ቆሞ ኦቦክን በዓይኑ ይፈልጋል፤ ገና አትታይም። ሎሚውን ያዝኩት። ኦቦክ የመጨረሻዋ ወደብ ነበረች፤ ከዚያ ወደ ጅቡቲ ነው የምንመለሰው። ኦቦክ ላይም እሷ ትከሻው ላይ ሆና ስትወርድ፣ ሰው ሲከባት፣ ሳቂ ስትባል ታየኝ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንድ ወደብ ብቻ የኔ ቢሆን ብዬ ተመኘሁ። የፈለግሁት ይህን ብቻ ነበር፤ ሌላ ክፋት አላሰብኩም። ግን ያሰብኩት ይበቃ ነበር።

ሎሚውን ራሴ መጠጥኩት። ልጣጩን ባሕር ውስጥ ጣልኩት። ከዚያ ሳብሪና አጠገብ ሄጄ፣ «ሑመድ ታች ገብተሽ ዓይንሽን ጨፍነሽ ተኚ ብሎሻል» አልኳት።

አየችኝ። ረዘም አድርጋ አየችኝ። ሎሚው አፌ ላይ ይሸታል ብዬ ከንፈሬን ገጠምኩ። ተነሥታ በመሰላሉ ወረደች፤ ከሽንኩርቱ ጆንያ መሃል ተኛች።

ኦቦክ ስንደርስ ቀትር አልፏል። ሳብሪና መቆም አልቻለችም። ያስታወከችው ቀሚሷ ላይ ነው፣ ዓይኗ ጎድጉዷል፣ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። አባቴ ሊያነሣት ሲሞክር ጆንያውን ጨብጣ አልለቅም አለች። ሑመድ እኔን አየኝ፤ እኔ ተራራውን አየሁ።

«ኢንሳፍ፣ ኮቱ» አለኝ አባቴ። ነይ ማለት ነው። ነይ ብሎኝ ብቻ አልቀረም፣ እጄን ያዘኝ። የአባቴ መዳፍ ሽንኩርት የሚሸት፣ ሻካራ ትልቅ መዳፍ ነበር። በኦቦክ አሸዋ ላይ ያን እጅ ይዤ ስሄድ የተሰማኝን ደስታ ዛሬ እንኳ ልክደው አልችልም። ወደ ኋላ ዞሬ ጀልባውን አላየሁትም።

ኦቦክ ዝቅ ያለች፣ አቧራማ ከተማ ናት። በየግድግዳው ጥላ ሰው ተኝቷል፤ ሁሉም የሚሻገርበትን ቀን የሚጠብቅ የአገራችን ልጅ ነው። አባቴ እየቆመ ይጠይቃል። እኔም ሳቂ ሳይለኝ ቀድሜ እስቃለሁ። ሰዎቹ ፊቴን ያዩና ግር ይላቸዋል። አባቴ ፈጠን ብሎ፣ «ኢሺ ሚቲ» ይላቸዋል። እሷ አይደለችም። ኦሮምኛ የቤታችን ቋንቋ ስለሆነ ሊሰወርብኝ አይችልም። ከአንዱ ጥላ ወደ ሌላው፣ እጄን እንደያዘ፣ እሷ አይደለችም፣ እሷ አይደለችም። ቆንጆዋን ጀልባ ላይ ትቼ ነው የመጣሁት እያለ ይቅርታ የሚጠይቅ መሰለኝ። እስኪ አስቡት፤ የናፈቅሁት ወደብ ያ ነበር።

በመጨረሻ አንዲት ሻይ ሻጭ ጋ ደረስን። አይናዲስ ትባላለች፤ ከወሎ ተነሥታ ለመሻገር መጥታ እዚያው የቀረች ሴት ናት። ሁለት ፔርሙዝና አንድ አግዳሚ ወንበር ነበራት። ወሬያችን ከጥላ ወደ ጥላ ቀድሞን ደርሷታል። በአማርኛ ስላወሩ የሚሉት ሁሉ ገባኝ፤ ማለቴ ቃሉ ገባኝ።

«ይህቺ ናት ልጅቷ?» አለች።

«አይደለችም። ይህቺ የኔ ናት። የምትመስላት ልጅ ጀልባ ላይ ታማ ተኝታለች።»

አይናዲስ ብርጭቆ እያለቀለቀች ራሷን ቀና አደረገች። «እኔ ስም አልይዝም፣ ወንድሜ። ሻይ ያጠጣሁትን ሰው ፊት ግን አልረሳም። በረመዳን ያለፉትን ሴቶች አንድ ባንድ አስታውሳለሁ። ልጅቷን አምጣልኝና ልያት።»

«ነገ ማለዳ በነፋሱ እንወጣለን።»

«እንግዲያው ዛሬ ማታ አምጣት። ተሸክመህም ቢሆን አምጣት።»

ለኔ ብስኩት ሰጠችኝ። ያላየቻትን ሳብሪናን ልያት አለች፣ ፊቷ የቆምኩትን እኔን ደግሞ በብስኩት ሸኘችኝ ብዬ በንዴት አንገቴ ድረስ ሞላሁ። ብስኩቱን ግን በላሁት፤ እስከ ፍርፋሪው ነው የበላሁት። ስንመለስ አባቴ እጄን አልያዘኝም። እየረሳኝ ከፊት ከፊት ይሄድ ነበር፤ እኔ አሸዋው ውስጥ እየሮጥኩ እከተለዋለሁ። ጀልባው ላይ ስንወጣ እሱ በቀጥታ ወደ ታች ጓዳ ወረደ። እኔ ሑመድ ጎን ምንጣፍ ላይ ተጋደምኩና እንቅልፍ ወሰደኝ። ሲነጋ ኦቦክ ከኋላችን ነበረች። አይናዲስ ሳብሪናን አላየቻትም።

ነገሩን ካወቅሁ በኋላ አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ይህ ሐሳብ አብሮኝ ኖረ። ያቺን ሎሚ ሰጥቻት ቢሆን ኖሮ፣ ሳብሪና በእግሯ ወርዳ አይናዲስ ፊት ትቆም ነበር። አዳዳ ሶፊያም ወይ ትለቀስላት ነበር፣ ወይ ትፈለግ ነበር። ጭሮ ውስጥ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው፤ የማስታወክ ማስታገሻ ሊገዛ የመጣ ሰው ባየሁ ቁጥር እጄ ይከብደኛል። ለሳብሪና ልነግራት ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘግቻለሁ። አባቴ ባለፈው ዓመት ሲሞት ከኔ እኩል አለቀሰች፤ እውነቱን ለመናገር ከኔ የበለጠ አለቀሰች፤ በዚያም ቀናሁ። የዚያን ቀን ነው ካልነገርኳት እኔም ይዤው እሞታለሁ ብዬ የፈራሁት።

እሷ አሁን ገለምሶ ነው የምትኖረው፣ አስተማሪ ናት። ባለፈው ጥር ጭሮ መጥታ ስትመለስ አብሬሽ ልሂድ አልኳት። በሚኒባስ ከጎኔ ናት። ዛሬ እነግራታለሁ ብዬ ከቤት ወጥቼ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ስለ ጤፍ ዋጋ እያወራሁ ነበር። ከኋላችን ካለው ወንበር አንዲት ስድስት ዓመት የሚሆናት ልጅ ማስታወክ ጀመረች። እናቷ ለሥራ ተመድባ ከሌላ አገር የመጣች ነርስ ናት፤ መንገዱን አልለመደችውም፣ ልጅቷን አቅፋ «ዓይንሽን ጨፍኚ፣ ጨፍኚ» ትላታለች።

ሳብሪና ዞረች። «አትጨፍኚ፣ እናቴ። ያ ተራራ ይታይሻል? እሱን እይ። ተራራ አይነቃነቅም። ሆድ የሚገለብጠው ዓይን ነው።» ከቦርሳዋ ሎሚ አወጣች፣ በጥርሷ ሸነተረችውና ለልጅቷ ሰጠቻት። «ምጠጪው።»

ከወንበሬ ወደ እሷ ዞርኩ።

«ይህን ማን ነገረሽ?» አልኳት።

«ሑመድ ነዋ።»

«መቼ?»

«ላንቺ ሲነግርሽ። ምሰሶው ሥር ተቀምጬ አልነበር? ያ ሰውዬ ድምፁ የመን ድረስ ይሰማል።»

ሚኒባሱ አንድ መታጠፊያ ታጠፈ፣ ሌላ ታጠፈ። አሥራ ሦስት ዓመት ያጠራቀምኩት ንግግር የት እንደገባ አላውቅም።

«ታዲያ ታች ግቢ ስልሽ ለምን ገባሽ?»

«መሳቅ ሰልችቶኝ ነበር» አለች።

ከዚያ እኔ ሳልጠይቃት ነገረችኝ። ለምን እንደሄድን ከመጀመሪያው ታውቅ ነበር፤ ጭሮ ሳለን ነው የሰማችው። በየወደቡ ስትስቅ፣ ሰዎቹ ራሳቸውን ሲነቀንቁ፣ በልቧ አልሃምዱሊላህ ትላለች፤ አላየናትም ካሉ አልሞተችማ። ኦቦክን ግን ፈራች። ኦቦክ ያሉት ያውቃሉ ሲባል ታጁራ ላይ ሰምታለች።

«አንቺ ታች ግቢ ስትዪኝ አፍሽ ሎሚ ሎሚ ይላል» አለች። «ውሸትሽን እንደሆነ አውቄያለሁ። ወላሂ፣ ልስምሽ ነበር የቃጣኝ።»

«አይናዲስ የምትባል ሴት ነበረች» አልኳት። «ልያት ብላ ነበር።»

«አውቃለሁ። ያን ማታ ኤሱማ ወርዶ አጠገቤ ተቀመጠ። አንዲት ሴት አለች፣ ፊትሽን ካየች እናውቃለን፣ ተሸክሜ ልውሰድሽ አለኝ። አልሄድም አልኩት። ካላዩኝ ሞታለች አይሉኝም አልኩት።»

«ምን አለሽ?»

«አለቀሰ።» ሻሿን አስተካከለች። «ሲያለቅስ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ ፊቴን አጠበልኝና፣ ለኢንሳፍ እንዳትነግሪ፣ እሷ ሽርሽር ይምሰላት አለኝ። ከሁለታችሁ አንዳችሁ እንኳ ሽርሽር ሄዳ ትመለስ አለ። ሶላቱንም እኔ አሰግዱ እስክል ድረስ ላያሰግድ ቃል ገባልኝ። አሁንም አሰግዱ አላልኩም።»

ሠላሳ ዓመቴ ነው። እፎይ ማለት ነበረብኝ፤ አባቴ ለኔ ያሰበውን ሰምቼ ማልቀስ ነበረብኝ። ሁለቱም ቆይተው መጥተዋል። በዚያች ሰዓት ግን የተሰማኝ ያው የድሮው ነው። ሁለቱ በዚያ ጨለማ ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት መሃል ተቀምጠው የተነጋገሩት ነገር ነበር፤ አባቴ እስኪሞት ድረስ በእኔ ፊት ሲተያዩ ያን ነገር ይዘው ነው የተያዩት፤ እኔ ከላይ ብስኩት በልቼ ተኝቻለሁ። አባቴ አንድ ጊዜ አለቀሰ፣ እሱንም ያለቀሰው እሷ ፊት ነው።

የኋላዋ ልጅ ሎሚውን እየመጠጠች ቀና አለች፣ ፊቷ መለስ ብሏል። ሳብሪና ዞራ አየቻትና ሳቀችላት፤ ፍንጭቷ፣ ግራ ጉንጯ፣ ሁሉም ታየ። ማንም ሳቂ አላላትም። ልጅቷም ከሷ ፊት ዓይኗን መንቀል አቃታት። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩና ዓይኔን ተራራው ላይ አደረግሁ።